እውነት ወይስ ተረት? የመካኒሳ ፖም ለምን አያፈራም

በመካኒሳ፣ ከአቦ እስከ ጀርመን አደባባይ፣ ትንሽ አፈር ባለው ግቢ ሁሉ ፖም ተክለው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። አፕል ይበሉት ፖም፣ ተስፋ ተጥሎበት ተገዝቶ ቶሎ የሚጠላ ችግኝ ነው። ሦስት አራት ዓመት ይሞላዋል፤ ቁመቱ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቅርንጫፎቹ ግን ከጫፋቸው በቀር ራቁታቸውን ይቀራሉ። አንድ አበባ በጥር፣ ሁለት በሚያዝያ፣ ሌላ ደግሞ በሰኔ ብቅ ይልና ይረግፋል። ፍሬ የለም። ያኔ ጎረቤት ይሰበሰብና ፍርድ ይሰጣል፦ «ወንድ ነው»፣ «ማዳበሪያ አጥሮት ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው»። ቀጥሎ መጥረቢያ ይመጣል።

ከእነዚህ ፍርዶች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። ዛፉን ያስቸገረው ነገር በሳይንስ በደንብ የታወቀ ስለሆነ፣ በየሰፈሩ የሚነገረውን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። ያለጥፋቱ የሚቆረጥ ዛፍ ያሳዝናል፤ የጠፋው ገንዘብና የባከነው ዓመትም ቀላል አይደለም።

አስቀድሞ ግን ስለ ዛፉ ተፈጥሮ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፖም፣ ፒር፣ ኮክ፣ ፕሪምና ቼሪ በረዶ የሚጥልበት ወቅት ካለው አገር የመጡ ናቸው። የሚቀጥለውን ዓመት አበባና ቅጠል በእምቡጥ ውስጥ አስቀድመው ሠርተው ይዘጉታል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀትና ውሃ ቢያገኙም እምቡጡን አይከፍቱትም። እምቡጡ የሚከፈተው የተወሰነ የብርድ መጠን ካገኘ በኋላ ነው። ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ፣ በአውሮፓ በጥር ወር አንድ ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ዛፉ ተታልሎ ያብብና በሚቀጥለው ሳምንት ውርጭ ይጨርሰው ነበር። ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ እምቡጡ ሲያንቀላፋ በሴሎቹ መካከል ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ካሎዝ በሚባል ነገር ይደፈናሉ፣ እድገትን የሚያግዱ ዳም የሚባሉ ጂኖችም ይነቃሉ። ለሳምንታት የቆየ ብርድ ጂኖቹን ጸጥ ያሰኛል፣ መተላለፊያዎቹም ይከፈታሉ። ከዚያ ወዲያ ሙቀት ሲመጣ ዛፉ ባንድ ጊዜ ያቆጠቁጣል።

ብርዱ የሚለካው በሰዓት ነው። ቀላሉና የቆየው መለኪያ ከ0 እስከ 7.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ያለፉትን ሰዓታት መደመር ነው። ዝርያው ሁሉ የራሱ ፍላጎት አለው። ሬድ ዴሊሽየስ የሚባለው ቀይ ፖም 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ግራኒ ስሚዝ ከ400 እስከ 600 ገደማ፤ አና የተባለው ደግሞ ከ200 እስከ 300 ይበቃዋል። የመካኒሳ ፖም ችግር የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

ተረት፦ «አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ለፖም ምን ያንሳታል?»

በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። መካኒሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ችግሩ ቀኑ ነው። በዚያው ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ 22፣ 23፣ 24 ዲግሪ ያደርሰዋል።

ቀን የሚመጣው ሙቀት ሌሊት የተገኘውን ብርድ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ለኮክ ተብሎ የተዘጋጀው ስሌት ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያ ስሌት ከ2.5 እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ያለፈ አንድ ሰዓት አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ ከ18 ዲግሪ በላይ ያለፈ ሰዓት ደግሞ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። አሁን አንድ የታኅሣሥ ቀን እናስብ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ሙቀቱ ከ9 ዲግሪ በታች ነው እንበል፤ ሰባት ነጥብ ተገኘ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ደግሞ ከ18 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሰባት ነጥብ ተቀነሰ። እኛን ያንቀጠቀጠን ሌሊት ለዛፉ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሎንዶን ወይም ቶሮንቶ ያለ ዛፍ በአንጻሩ በታኅሣሥ ቀንም ሌሊትም ይቀዘቅዛል፤ ያጠራቀመውን የሚወስድበት የለም።

ይህ ስሌት ለሞቃት አገሮች ጠንከር ያለ እንደሆነ በኋላ ታውቋል። በእስራኤል የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሌላ ስሌት ብርዱ በሁለት ደረጃ እንደሚጠራቀም ይናገራል፦ መጀመሪያ የሚገኘው ጊዜያዊ ነው፣ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ መጠኑ ሲሞላ ግን ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ ሙቀት አይነካውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ብርድ ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም። ትንሽ ነው። ትንሽ ብርድ ለሚበቃው ዝርያ ይሆናል፣ ብዙ ለሚፈልገው አይሆንም።

በመካኒሳ ውስጥም ቦታ ከቦታ ይለያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ በትንሹ አቃቂ አቅራቢያ ዝቅ ያለ ግቢ፣ ዳገት ላይ በሲሚንቶና በቆርቆሮ ከታጨቀ ግቢ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀን የጋለ ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይለቃል። ፖሙን ከምዕራብ ፀሐይ ከሚያገኝ ግድግዳ ሥር የተከለ ሰው፣ ያለችውንም ጥቂት ብርድ ከዛፉ ቀምቶታል።

ተረት፦ «ብርዱን በሐምሌና በነሐሴ ያገኘዋል»

አያገኘውም። ሐምሌ ለእኛ ቀዝቃዛ የሚመስለን ፀሐይ ስለጠፋና ልብሳችን ስለረጠበ ነው። ደመናው ግን ሌሊት የምድርን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፤ በሐምሌ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከታኅሣሥ ሌሊት ይሞቃል። ዛፉ ከሚቆጥረው ብርድ ውጪ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ዛፉ በሐምሌ ቅጠሉን ለብሶ፣ ዝናቡን እየጠጣ እያደገ ነው። ትክክለኛው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

ተረት፦ «ውርጭ ይጠቅመዋል፤ ካልሆነም ግንዱ ሥር በረዶ ማፍሰስ ነው»

ለእምቡጥ ከሁሉ የሚመቸው 6 ዲግሪ አካባቢ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ከዜሮ በታች የወረደ ሙቀት ለቆጠራው ብዙም አይጨምርም። እንዲያውም አበባ ከወጣ በኋላ የመጣ ውርጭ የዓመቱን ፍሬ በአንድ ሌሊት ያጠፋል፤ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች አመዳይ ምን እንደሚያደርግ ከባቄላቸው ያውቁታል።

ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ከግንዱ ሥር ማፍሰስን በተመለከተ፣ መልሱ ከመቶ ዓመት በፊት ተገኝቷል። ፍሬድሪክ ኮቪል የተባለ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሞቀ የመስታወት ቤት ውስጥ ያለ የብሉቤሪ ተክል አንዱን ቅርንጫፍ በቀዳዳ ወደ ውጭ ብርድ እንዲወጣ አድርጎ ያየውን ገልጿል። ጊዜው ሲደርስ ውጭ የነበረው ቅርንጫፍ ቅጠል አወጣ፤ እዚያው ግንድ ላይ ያሉት፣ ውስጥ የቀሩት ግን እንዳንቀላፉ ቀሩ። ብርዱን የሚቆጥረው ሥሩ ወይም ግንዱ ሳይሆን እያንዳንዱ እምቡጥ ለራሱ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ስለዚህ ሥሩን ማቀዝቀዝ ለእምቡጡ አይደርሰውም። በአንድ ዛፍ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ አብቦ ሌላው ደርቆ የቀረ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተረት፦ «የማያፈራው ወንድ ስለሆነ ነው»

ይህ ከፓፓያ የመጣ እምነት ነው፤ ለፓፓያ እውነት ነው። ወንድ ፓፓያ አለ፣ አያፈራም፣ ሰው በትክክል ይቆርጠዋል። ፖም ግን ወንድና ሴት ተብሎ አይለይም። እያንዳንዱ አበባ ሁለቱንም ይዟል። ነገር ግን አብዛኛው ፖም በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም፤ ሌላ ዝርያ አጠገቡ ቆሞ፣ በአንድ ጊዜ አብቦ፣ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ማመላለስ አለባት። ብርድ ያልበቃው ዛፍ ደግሞ አበባውን በወራት እየበታተነ ስለሚያወጣ፣ ጎረቤቱ ሲያብብ እሱ ጨርሶ ይገኛል። በብዙ የመካኒሳ ግቢ አንድ ፖም ብቻውን ቆሟል። ብርዱም ባልንጀራውም ከጎደለው፣ ፍሬ ከየት ይምጣ?

አና የተባለው ዝርያ በእስራኤል በዓይን ሸመር ኪቡትዝ በአባ ስታይን የተገኘ ነው፤ ለሞቃት አገር ተብሎ የተዘጋጀ። ባልንጀራው ብዙ ጊዜ ዶርሴት ጎልደን ነው፤ እሱም ውርጭ ከማታውቀው ከባሃማስ ደሴቶች የተገኘ። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለሚያብቡ አብረው ይተከላሉ። በእኛ ከፍታ ላይ ላለ ግቢ መጀመሪያ የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው።

ተረት፦ «ከሱፐርማርኬት የገዛሁት ፖም ጣፋጭ ነው፤ ዘሩን ብተክል እሱኑ አገኛለሁ»

አያገኙም። የፖም ዘር የእናቱን መልክ አይዝም፤ ከአንድ ፍሬ የወጡ አምስት ዘሮች አምስት የተለያዩ ዛፎች ይሆናሉ። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ፖም የሚራባው በግራፍቲንግ፣ ማለትም የተፈለገውን ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ በማስቀጠል ነው። በሱቅ የሚሸጠው ከውጭ የገባ ፖም አብዛኛው ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ስለሆነ፣ ከዘሩ የበቀለው ዛፍ ብዙ ብርድ የመፈለጉ ዕድል ሰፊ ነው። ዘሩ ራሱም ብርድ ይፈልጋል፤ እርጥበት ባለው አሸዋ ወይም ሶፍት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ካልቆየ አብዛኛውን ጊዜ አይበቅልም። ለልጆች ማሳያ ጥሩ ነው፤ ለፍሬ ግን አይታመንበት።

ተረት፦ «ጨንቻ ካፈራ እኛም ጋ ያፈራል»

ጨንቻ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ሰው ከፖም ጋር የተቆራኘ ነው፤ ይገባዋልም። በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለችው ይህች ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ፖምን ወደዚያ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሥራ ተስፋፋ። ዛሬ የጨንቻ ገበሬ በግራፍቲንግ የተራባ ችግኝ ለመላ አገሪቱ ይሸጣል፤ ዶርዜዎች በሽመናቸው እንደታወቁ ሁሉ ደጋው በፖሙ ታውቋል።

ጨንቻን የሚለየው ከፍታው ብቻ አይደለም። ደመናና ጉም ስለሚበዛበት ቀኑም አይሞቅም፤ ሌሊት የተገኘውን ብርድ እኩለ ቀን አይወስደውም። ከመካኒሳ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት 400 ሜትር ወይም 500 ሜትር ቢሆን ነው፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ወደ ሦስት ዲግሪ ይደርሳል። ሦስት ዲግሪ ለሰው ጃኬት መደረብ ነው። ለእምቡጥ ግን የሌሊቱን ብርድ በብዙ ሰዓት ያስረዝመዋል፣ ቀኑንም ከ18 ዲግሪ በታች ሊያደርገው ይችላል። በአዊና በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች፣ በሰሜን ሸዋ ከፍታዎችም ፖም የሚሞከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም 2,400 ሜትር ላይ ሆኖ የደጋ ፍራፍሬ ዝርያዎችን ሲፈትሽ ኖሯል። ጨንቻ ላይ በደንብ የሚያፈራ ዝርያ መካኒሳ ላይ ቅጠል ብቻ ቢያወጣ ሻጩ አታለለኝ ማለት አይገባም፤ ሊጠየቅ የሚገባው የዝርያው ስም ነው።

ተረት፦ «በበጋ ውሃና ዩሪያ በብዛት ከሰጡት ያብባል»

ብዙ ቤት የሚጎዳው ይኸኛው ይመስለኛል፤ በፍቅር የሚደረግ ስለሆነ።

አብዛኛው የቀዝቃዛ አገር ዛፍ እድገቱን የሚያቆመው ቀኑ ሲያጥር ነው። ፖምና ፒር ግን ከዚህ ይለያሉ፤ በአውሮፓውያኑ 2005 የወጣ የኖርዌይ ጥናት እንዳሳየው እድገታቸውን የሚያቆሙት ቅዝቃዜ ሲመጣ ነው፣ የቀኑ ርዝመት አይገዛቸውም። በአዲስ አበባ ቀንም ሌሊትም የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ስለማይመጣ፣ ዛፉ ያለማቋረጥ እያደገ፣ አሮጌ ቅጠሉን ተሸክሞ ዓመቱን ይዘልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃና ናይትሮጅን ማዝነም ይህንኑ ያባብሰዋል። ዛፉ ማረፍ ባለበት ጊዜ እንዲሠራ ይገደዳል።

መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፤ ለዚህም ጥሩ አርዓያ አለ። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ ባቱ በተባለ ደጋ፣ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ርቀት ላይ፣ ከእኛ ያነሰ ብርድ ባለበት፣ ገበሬዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ፖም ይለቅማሉ። የሚያደርጉት ቀላል ነው፦ ፍሬው ከተለቀመ ከወር ገደማ በኋላ ቅጠሉን በሙሉ በእጃቸው ያራግፋሉ፣ ቀጥ ብለው የወጡትን ቅርንጫፎች ወደ ጎን አጋድመው ያስራሉ፣ ከዚያም ያጠጣሉ። እምቡጡ ገና በጥልቅ ሳያንቀላፋ ቅጠሉ ሲነሳለት ይከፈታል፤ ብርድ የሚሰጠውን ፈቃድ ሳይጠብቅ። ጊዜው ዋናው ነገር ነው። ቅጠሉ እስኪያረጅና እምቡጡ በጥልቅ እስኪያንቀላፋ ከተዘገየ ማራገፉ ብዙ አይረዳም።

ለመካኒሳ ግቢ ይህ ማለት፣ ዝናቡ ከቆመ በኋላ ውሃውን ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ ማዳበሪያ መተው፣ ቅጠሉን ከጫፍ እስከ ሥር በእጅ ማራገፍ፣ ሽቅብ የተመዘዙትን ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ጎን መሳብ፣ ከዚያም ውሃውን መመለስ ነው። ቅጠሉ ሲራገፍ ከሥሩ ያለው እምቡጥ አብሮ እንዳይገነጠል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አናን በመሰለ ዝርያ ላይ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል። 800 ሰዓት የሚፈልግ ዝርያ ላይ ግን ተአምር አይጠበቅ።

በትላልቅ እርሻዎች፣ ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ፣ የብርዱን ጉድለት የሚሞሉት በኬሚካል ነው። ሃይድሮጅን ሳያናማይድ ይባላል። ይሠራል፤ ግን መርዛማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለእርሻ ፈቃድ አልሰጠውም፤ የነካው ሰው ደግሞ አልኮል ከጠጣ ሰውነቱ በአደገኛ ሁኔታ ይቆጣል። ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ እንዲገባ ማንም አይምከርዎ።

ተረት፦ «እንግዲያው በመካኒሳ የደጋ ፍራፍሬ አይሆንም»

ይሆናል። ኮክ በአዲስ አበባ ግቢዎች ለብዙ ትውልድ ሲያፈራ የኖረው፣ እዚህ ከዘር እየበቀለ የቆየው ኮክ ብርድ የማያበዛ ሆኖ ስለተመረጠ ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሰዓት ጀምሮ እስከ 1,000 ሰዓት የሚፈልግ ኮክ አለ፤ የጎረቤትዎ ዛፍ ዓመት በዓመት የሚያብብ ከሆነ፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በራሱ መስክሯል። በለስና ሮማን ጥቂት ብርድ ይበቃቸዋል። ወይን ደግሞ ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አንዱ መጥመቂያ እዚሁ መካኒሳ ነው። ወይኑ የሚመጣበት የአዋሽ ሸለቆም ሆነ ዝዋይ ላይ ያለው የካስቴል የወይን እርሻ ከመካኒሳ ይሞቃል፤ ወይን ግን ጥቂት ብርድ የሚበቃው ስለሆነ፣ በመግረዝና ውሃን በመቆጣጠር መቼ ማቆጥቆጥ እንዳለበት ገበሬው ይወስንለታል።

ሁሉም ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ብርድ ይጠብቃል ማለትም አይደለም። በበጋ ራቁቱን ቆሞ ቀይ አበባ የሚያወጣው ቆርች የሚመራው በድርቁና በዝናቡ ነው። የቡና እምቡጥም ደርቆ ይቆይና የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። እነዚህ የእኛው ሰማይ ያሠለጠናቸው ናቸው፤ ፖም ግን በሌላ ሰማይ ሥር የተማረውን ይዞ መጥቷል።

አሳሳቢው ነገር ሌሊቱ እየሞቀ መሄዱ ነው። በዓለም ዙሪያ፣ ከካሊፎርኒያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ የፍራፍሬ ዛፎች የሚያገኙት ብርድ እየቀነሰ እንደሆነ ተጠንቷል። አዲስ አበባ ደግሞ አፈሯ በሲሚንቶ እየተሸፈነ ነው። ዛሬ በጭንቅ የሚበቃው ነገ ላይበቃ ይችላልና፣ አሁን የሚተክል ሰው ሊሆን ከሚችለው ሁሉ ያነሰ ብርድ የሚፈልገውን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ስለዚህ ለሦስት ወገን አንድ አንድ ቃል አለኝ። ችግኝ የምትሸጡ፣ «ፖም ነው» ብላችሁ አትስጡ። የዝርያውን ስም ፕላስቲኩ ላይ ጻፉ፤ የማታውቁትን አትሽጡ፤ አንድ ለሚገዛ ሰው ሁለተኛ ዝርያ እንደሚያስፈልገው ንገሩት። የምትገዙ ደግሞ ስም የሌለውን ችግኝ አትግዙ። የቆመውን ዛፍ ለመቁረጥ ያሰባችሁም፣ በዚህ ዓመት ዝናቡ ሲቆም ውሃውን ቀንሱለት፣ ቅጠሉን አራግፉለት፣ ቅርንጫፉን አጋድሙለት፣ ባልንጀራ ትከሉለት። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ፣ ግንዱን ሳትነቅሉ አና ወይም ዶርሴት ጎልደን በላዩ ላይ በግራፍቲንግ ማስቀጠል ይቻላል፤ ሥሩ እንደሆነ አፈሩን ለምዷል።